ዳገቱን ሳልቀመጥ የወጣሁ ለት

የልጅ ልጄን ፍቅር ለጥቂት አበላሽቼው ነበር። በምላሴ ቢሆን ማንንም አይገርምም፤ በእግሬ ነው።

እናቷ፣ የኔ ልጅ፣ በስድስት ዓመቷ ነው ጥላት ያረፈችው። ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን። ተማረችና ማዘጋጃ ቤት ገባች፤ የማኅበረሰብ ልማት ባለሙያ ይሏታል። የሥራው ስም ረዘመ እንጂ ነገሩ ቀኑን ሙሉ የሰው ስሞታ መስማት ነው። ቦዩ ተደፈነ፣ የመንገዱ መብራት ጠፋ፣ ጎረቤት አጥር ገፋ። ሰፈሩ «ጆሯችን» ነው የሚላት። አመሻሽ ላይ ቤት ስትገባ ድምፅ አይወጣትም። «ዛሬስ ስንት ሰው ጮኸብሽ?» ስላት ጣቷን ታነሣልኛለች፤ ሰባት፣ አንዳንዴ ስምንት።

ሠላሳ ዓመት ሞላት። እኔም እሰጋለሁ። ብታስል እሰጋለሁ፣ ዝም ብትል እሰጋለሁ፣ ስትስቅ ደግሞ ምን ደብቃኝ ነው እላለሁ።

ዓምና አንድ የከተማ ፕላን ባለሙያ ተዛውሮ መጣ። ከታችኛው ሰፈር ወደ ጤና ጣቢያው የሚወጣውን መንገድ እንደገና እንዲያቅድ ነበር የታዘዘው፤ ዛፉ የት ይተከል፣ አግዳሚ ወንበሩ የት ይቀመጥ፣ የእግረኛው መንገድ ምን ያህል ይስፋ። ሰውየው አንድ አመል ነበረው፤ ከአረጋውያን ጋር ሳይራመድ አንድ መስመር አያሰምርም።

የልጅ ልጄ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ አማችው።

«እምዬ፣ ያ ሰውዬ አብዷል። አሥር አረጋውያን አምጪልኝ አለኝ።»

«ምን ሊያደርጋቸው?»

«ሊያስኬዳቸው። ደክሟቸው የቆሙበት ቦታ ላይ በጠመኔ ክብ ይሠራል። እኔ ደግሞ ስንት ደቂቃ እንዳረፉ እጽፋለሁ። ስድስት ዓመት ሠርቼ ሰዓት ያዥ ሆንኩልሽ።»

በማግስቱ ስለ ጫማው አማችው፣ በሦስተኛው ቀን ስለ ዝምታው። ሦስት ጊዜ የታማ ሰው ደግሞ በዓይን መታየት አለበት። ከአሥሩ አንዷ ታመው ሲቀሩ «እኔ እሞላለሁ» አልኳት።

«አንቺ ጉልበትሽን ያምሻል።»

«ታዲያ እሱ የሚፈልገው የታመመ ጉልበት አይደል?»

ደብተሯን አውጥታ ስሜን ጻፈች።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተሰበሰብን። ልጁን አየሁት። ቀጭን ነው፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ፊት፣ የሸሚዙ ኪስ በጠመኔ ዱቄት የነጣ። ሰፈሩም ለካ «ጠመኔ» እያለ ነው የሚጠራው። አንጀቴን በላው፤ ይህን ልጅ ማን ያበላዋል አልኩ በልቤ።

«ዛሬም ሰዓትሽ ይቀድማል?» አላት።

«ያንተ ነው ወደ ኋላ የሚቀረው።»

እሱ ወደ መሬት ፈገግ አለ። እሷ የደብተሯን ገጽ አተኩራ ታነብ ጀመር። ገጹ ባዶ ነበር።

እኔም ገባኝ። ደስ ሊለኝ ሲል፣ መስኮቱ ውስጥ ሁለት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ፣ «ልጅቷስ ወርቅ ናት። ግን እሷን የሚያገባ አያትየዋንም ጭምር ነው የሚያገባው። አሮጊቷ አልጋ ላይ ለመዋል ምን ቀራቸው?» አለች።

ክፋት አልነበራትም፤ እኔ እዚያ መቆሜንም አላወቀች። እውነቷን ስለሆነ ነው እንደ መርፌ የገባብኝ።

ጉዞው ተጀመረ። ሜዳው ላይ ከአሥራችን አንዱ፣ ጡረተኛው ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ፤ ጠመኔ ተንበርክኮ ሁለት ክብ ሠራ። እሷ ከበላዩ ቆማ ደቂቃ ትቆጥራለች። እሱ ክቡን ከጨረሰ በኋላም ቶሎ አይነሣም፤ እሷም ቶሎ ተነሥ አትለው። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ነው።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ ጉልበቴ ይነድ ጀመር። አልቆምኩም። እንዲያውም ወሬ አበዛሁ።

«እማማ፣ ትንሽ አረፍ አይሉም?» አለኝ ልጁ።

«ምን ሆኜ ልጄ? እናንተ ከደከማችሁ ልጠብቃችሁ።»

ከኋላዬ ልብስ ሰፊው ለጡረተኛው አስተማሪ፣ «አንዲት ሴት ሳትቀመጥ እኛ ልንቀመጥ ነው?» ሲለው ሰማሁ። እነሱም አልተቀመጡም። የቀሩትም እነሱን አይተው ተከተሉ። ያንን ሁሉ ዳገት አንድ ክብ ሳይሠራበት ወጣነው። ጤና ጣቢያው በር ላይ አሥራችንም ግንቡን ተደግፈን እንደ ዓሣ አፋችንን ከፈትን፤ ያ ግን ከልኬቱ ውጪ ስለሆነ አልተጻፈም።

«እማማ፣ እኔን አደከሙኝ እኮ» አለ ጠመኔ እየሳቀ።

ደስ ይላት እንደሆን ብዬ ልጄን አየኋት። እሷ እግሬን ነበር የምታየው።

ቤት ገብተን እግሬን ሙቅ ውኃ ውስጥ ከተተችው። ቁርጭምጭሚቴ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

«ለምን?» አለች።

«ለምን ምን?»

«እምዬ።»

ውኃውን በእግሬ አማሰልኩ። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። አያቴ ዋሸች ብላ ሰው ፊት መቆም አቃታት። በሳምንቱ ሪፖርቱ የሁለቱም ፊርማ አርፎበት ገባ። አምስት ወንበር ነበር የተፈቀደው፤ አምስቱም ሜዳው ላይ ተመደቡ። ዳገቱ ላይ አንድም የለ።

ከዚያ በኋላ ጠመኔ ቤታችን መምጣት አበዛ። ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ይህ ቤት የማን ነው፣ ይህ መተላለፊያ ወዴት ይወስዳል እያለ ይጠይቀኛል። በአራተኛው ጊዜ ባዶ እጁን መጣ።

«ካርታውስ?» አልኩት።

«ካርታው...» አለና አንገቱን ሰበረ።

እነሱ እንደ ሌላው ወጣት አይደሉም፤ ሁልጊዜ ደክመው ነው የሚገናኙት። መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። እሷ ስለ ቦይ፣ እሱ ስለ መንገድ ስፋት ጥቂት ያወራሉ፤ ከዚያ ዝም። መጀመሪያ ተኳርፈው መስሎኝ እጨነቅ ነበር።

«ኃላፊው ዛሬ ተናገረህ?»

«ሁለት ጊዜ። አንዱን ሰምቼዋለሁ።»

«ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ።»

«ይቀዝቅዝ። ትንሽ እንዲህ እንቀመጥ።»

ይቀመጣሉ። እኔም ጓዳ ሆኜ የማልፈልገውን ሳህን አጥባለሁ።

ፕላኑ ተወደደለት። ከዚህ የስድስት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ርቆ ያለ ከተማ፣ የፕላን ክፍል ኃላፊ አድርገን እንውሰድህ አለው፤ ያቀደው መንገድ በሕዝብ ስብሰባ እንደጸደቀ ሊሄድ ነው። ለእሷም እዚያ በሙያዋ ክፍት ቦታ ተገኘ። መጥቶ ሲነግራት መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ፤ አልክድም።

«አብረን እንሂድ» አላት።

«አልችልም።»

«ስለ እማማ ከሆነ ይዘናቸው እንሄዳለን። መምጣት ካልፈለጉም በየወሩ እንመጣለን። ያንን ዳገት ሳይቀመጡ የወጡ ሰው ናቸው እኮ፤ እኔ ነኝ ምስክሩ።»

እሷ ምን ትበል? ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት፣ ከሥራ በፊት፣ ለጉልበቴ ሕክምና ደግፋ ጤና ጣቢያ የምታወጣኝ እሷ ናት። ዳገቱ ላይ ስምንት ጊዜ እንቆማለን። ስድስት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ብቀመጥ ተሸክመው ነው የሚያወርዱኝ። እሱ ይህን አያውቅም። ብትነግረው ደግሞ እኔን ማዋረድ ነው፤ የሚሾምበትንም ሥራ በገዛ እጇ ማፍረስ ነው።

«እኔን ካልፈለግሽኝ ንገሪኝ» አላት። «አያትሽን ሰበብ አታድርጊ።»

እሷ ሲኒዎቹን ሰበሰበች፤ እሱም ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። በኃይል ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት አልመጣም። እሷ ትሠራለች፣ ትመጣለች፣ ጉልበቴን ታሸኛለች። «ምን ሆንሽብኝ?» ስላት፣ «ደክሞኝ ነው» ትላለች። ድካም ስንቱን ነገር ይሸፍናል። ሸክም አይደለሁም ለማለት የሄድኩት መንገድ፣ ልጄን ቤት ውስጥ አስሮ አስቀመጣት።

የስብሰባው ቀን ሳልነግራት ወጣሁ። አዳራሹ እስክደርስ አራት ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ አንዴ የሰው ደጃፍ ላይ። መድረኩ ላይ ካርታው ተሰቅሏል፤ ጠመኔ በቀጭን ዱላ ያመለክታል። ልጄ ጥግ ላይ ሆና ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ሁለቱም ከስተዋል።

«ዳገቱን በተመለከተ» አለ ኃላፊው፣ «አረጋውያን እዚያ ላይ እንደማይደክማቸው በልኬት ተረጋግጧል። አስተያየት ያለው አለ?»

እጄን አነሣሁ። የልጄ እስክሪብቶ ቆመ።

«ልኬቱ እኔ ነኝ» አልኩ። ሰው ሳቀ።

«እማማ፣ አጠር ያድርጉት» አለ ኃላፊው።

«ከዚህ በላይ አያጥርም ልጄ። ያን ቀን ዳገቱ ሥር ደክሞኝ ነበር። መሐሉ ላይ ደክሞኝ ነበር። ጫፉ ላይ ዓይኔ ጨልሞብኝ ነበር። ያልቆምኩት ጠንካራ ናት እንዲባልልኝ ነው። አጉል ኩራት ነው። እናንተ ደግሞ የኔን ኩራት ይዛችሁ መንገድ ልትሠሩበት ነው።»

ልብስ ሰፊው ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እኔም እሷን አይቼ ነው» አለ። «ቤቴ ገብቼ ሁለት ቀን ተኝቻለሁ።» አስተማሪው እጁን አነሣና መልሶ አወረደው፤ እሱም መናዘዙ ነበር።

ጠመኔ እኔን አላየኝም። እሷን ነው ያየው።

«ታውቂ ነበር?» ዝቅ አድርጎ ነው የጠየቃት፤ ግን ሁላችንም ሰማን።

«የዚያኑ ቀን ነው ያወቅኩት። ረቡዕ ረቡዕ እኔ ነኝ የማወጣት። ስምንት ጊዜ እናርፋለን።»

ያ «አልችልም» ያለችው ምን እንደነበር ልጁ ሲገባው በፊቱ ላይ አየሁ። ከዚያ ዱላውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ ኃላፊው ዞረ።

«ይህ ፕላን መጽደቅ የለበትም።»

«የሚጠብቅህን ቦታ ታውቃለህ አይደል? እነዚያ ሰዎች ወር አይታገሡም።»

«አውቃለሁ።»

አዲሱ ልኬት ሦስት ወር ፈጀ። ከአምስቱ ወንበር አራቱ ወደ ዳገቱ ወጡ። ያኛው ከተማ ግን አልጠበቀም፤ ከስብሰባው በሳምንቱ ሌላ ሰው ሾመ። ወሬውን የሰማሁ ለት፣ አሁንስ በቃ፣ በእግሬ ጀምሬ በአፌ ጨረስኩት አልኩ።

በማግስቱ ጠመኔ መጣ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ሹመትህን በላሁብህ» አልኩት።

«የለም እማማ። ፊትዎን ማየት ሲገባኝ፣ የት ይቆሙ ይሆን እያልኩ መሬት መሬቱን ሳይ ነበር።» ትንሽ ቆየና፣ «ግማሹን መንገድ ደግሞ ሌላ ሰው ሳይ ነበር» አለ።

ሌላው ሰው መስኮቱ ሥር ቆማለች። ልነሣ ስል ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ቁጭ ብዬ የማልሰማ መሰልኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ብነግርህ ትቀራለህ። ከቀረህ ደግሞ ትቀየመኛለህ ብዬ።»

«ይኸው ቀረሁ።»

«ተቀይመኸኛል?»

አሰበ። ቶሎ ቢመልስ ደስ ባለኝ፤ እሱ ግን እንደ ልኬት ነገር ነው፣ ሳያረጋግጥ አይናገርም። የልጄ እጅ መጋረጃውን ጨብጧል።

«እነዚያን ሁለት ሳምንታት ተቀይሜሽ ነበር» አለ። «አሁን ደክሞኛል።»

«እኔም ደክሞኛል።»

«እንግዲያው አብረን እንድከም።»

እሷ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። እኔም ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ።

ጋብቻቸውን የፈረሙት እዚያው ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በምሳ ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ እሷ የቦይ ስብሰባ ነበራት፤ እሱ የአጥር ክርክር። ምስክሮቹ ምሳቸውን ሳይበሉ ፈረሙ። እኔን ደረጃውን ተጋግዘው አወጡኝ፤ መሐሉ ላይ «አረፍ እንበል» ስል ሁለቱም ቆሙ። ሳላፍር ተነፈስኩ።

አመሻሽ ላይ ወደ ቤት መጡ። ሾርባ እስካሞቅ ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ሳህን ይዤ ስመለስ ራስ ለራስ ተደጋግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ የእሷ ደብተር ጭኗ ላይ፣ እጁ በእጇ ላይ። አንገቱ ተጣሞ ነበር። ሲነቃ ያመዋል ብዬ ሰጋሁ። ትራስ አምጥቼ ቀስ ብዬ ከሥሩ ሸጎጥኩለት።

እሷ ዓይኗን በግማሽ ገለጠች።

«እምዬ፣ ስንት ሰዓት ሆነ? ለነገ የሚገባ ሪፖርት አለብን።»

«ገና ነው፤ ተኚ» አልኳት።

ገና አልነበረም።