ትራስ ሥር ያደረ ደብተር

«ለእሷም ጻፍክላት?» አለችው ዳኛዋ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆማ።

የምትቀልድ መሰለው። ጉንጨ ስርጉዷ የክፍላቸው ልጅ የሥነ ሥርዓት ሕግ ማስታወሻውን ቅጂ ታቅፋ፣ እየሳቀች ከአጠገቡ መሄዷ ነበር።

«ምን ላድርግ፣ ቆንጆ ሲለምን እምቢ አይባልም» አለና ሳቀ።

ሳቁን ብቻውን ሳቀው።

ዳኛዋ የሚሏት የዶርሙን ጠብ ሁሉ ስለምትዳኝ ነው። የባልዲ ይሁን የመብራት፣ ሁለቱንም ወገን ሳትሰማ አትፈርድም ነበር። የዚያን ቀን ግን የተከሳሹን ቃል መስማት አላስፈለጋትም። በማስረጃ ሕግ ከክፍሉ የሚስተካከላት የሌለ ልጅ፣ በሁለት ስርጉድ ፈረደች። ቅናት እንዲህ ነው፤ ትምህርት አይበግረውም።

ፍቅራቸው የተጀመረው በሥራ ክፍፍል ነው። እሱ ጠዋት ጠዋት ታላቅ ወንድሙ ጋራዥ ይሠራል፤ የማስረጃ ሕግ ትምህርት ደግሞ ጠዋት ነው። ስለዚህ ማስረጃውን እሷ ለሁለት ትጽፋለች፤ እሷን ሁለቴ የጣላትን የሥነ ሥርዓት ሕግ እሱ አሳጥሮ ይጽፍላታል። ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ደብተር ይለዋወጣሉ። በመጀመሪያው ወር የሚለዋወጡት ደብተር ብቻ ነበር። በሦስተኛው ወር ደብተሩ እንደተገለጠ ይቀርና መተያየት ብቻ ይሆናል። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ እንኳ አላስቻላትም፤ «ልጆቼ፣ አልፎ አልፎ ገጹን መግለጥ ነው እንጂ» አለቻቸው አንድ ቀን።

ከፈተናው ማግስት እናቱ ዘንድ ሊወስዳት ቀን ቆርጦ ነበር። ወንድሙ ግን አስቀድሞ ቁርጡን ነግሮታል፤ አንድ ትምህርት ከወደቅህ ዓመቱን ትደግማለህ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ዓመት አልችልህም፣ ያኔ ጠቅልለህ ጋራዥ ነው ብሎታል። ይህን እሷም ታውቃለች። ያደረገችውን ያደረገችው እንግዲህ ይህን እያወቀች ነው።

የማስረጃ ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው የመጨረሻውን ደብተር፣ ስለ ምስክሮች የተጻፈውን፣ ሊወስድ ዶርሟ በር ላይ መጣ። ፊቷን አጨፍግጋ ወጣች።

«ጠፍቶብኛል» አለችው።

«የት ጥለሽው ይሆን? ነይ አብረን እንፈልገው።»

«ቆንጆዎቹ ያውሱህ።»

አያት። ከዚያም ዞሮ ሄደ።

ደብተሩ ትራሷ ሥር ነበር። ክፋት አላሰበችም፤ ነገ መጥቶ ይለምነኝና እሰጠዋለሁ ነው ያለችው። በማግስቱም እንዲሁ አለች። እሱ ደግሞ ነገ ልቧ ሲመለስ ትጠራኛለች አለ። ሁለት ኩራት እንዲህ ሲጠባበቅ ፈተናው ደረሰ። ከጥያቄዎቹ ግማሹ ስለ ምስክሮች ነበር።

በዚያው ሳምንት የዶርም ጓደኛዋ አንድ ጥቅል ወረቀት አልጋዋ ላይ ወረወረችላት። ያለፉት ዓመታት የሥነ ሥርዓት ሕግ ፈተና ጥያቄዎች ናቸው። ከየት አመጣሽው ብትላት፣ ከሰው ነው፣ አንቺ ዝም ብለሽ አንብቢ አለቻት። አነበበች። ሁለቴ የጣላት ትምህርት በሦስተኛው ተሸከማት።

ውጤት የተለጠፈ ቀን የእሱን ቁጥር ካለፉት መሃል ፈልጋ አጣችው። ገና ከሰሌዳው ዘወር ሳትል ስርጉዷ መጥታ አቀፈቻት።

«የእህቴ የድሮ ጥያቄ ጠቀመሽ አይደል? እኔ በነጻ አልሰጥም ብዬ ስንት አስለመንኩት መሰለሽ። ማስታወሻውን አስረክቦ ነው ላንቺ የወሰደው።»

ዳኛዋ ቀጥ ብላ ዶርም ገባችና ጓደኛዋን አፋጠጠቻት። ጓደኛዋም አልደበቀችም፤ ከእሱ መሆኑን ካወቀች ትቀድደዋለች፣ እባክሽ አትንገሪያት ብሎ ለምኖኝ ነው አለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ይህን ነው።

ጋራዡ ስትደርስ ወንድሙ በአገጩ ወደ ጓሮ አመለከታት። አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና አጠገብ ተንበርክኮ ጎማ ይፈታል። ሰላም አላት፤ እንኳን ደስ ያለሽም አላት፤ ሥራውን ቀጠለ። ብሎኖቹ አንድ በአንድ ጣሳው ውስጥ ሲወድቁ ቆማ ሰማች።

«ደብተሩ አልጠፋብኝም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ትራሴ ሥር ነበር። አውቄ ነው የከለከልኩህ።»

የመጨረሻውን ብሎን ፈታ። ጎማውን አውርዶ ወደ ግድግዳው አስጠጋው። እሷ አጠገቧ ያለው በርጩማ ላይ ልትቀመጥ ስትል ቀና ብሎ አያት።

«አውቃለሁ» አላት። «በርጩማው ዘይት አለው፤ ቀሚስሽን ጠብቂ።»