በሰላም የደረሰችው ቀጭኔ

የዱር እንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ምንታምር በዚያም ጠዋት ሥራዋን እንደ ልማዷ ጀመረች። በማደንዘዣ የወደቀችውን እንስት ቀጭኔ ዐይን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ሸፈነች፣ ጆሮዎቿን በጥጥ ወተፈች፣ ማንቂያውን ወጋቻት። ቀጭኔዋ እየተንገዳገደች ተነሥታ በገመድ እየተመራች ጣሪያ ወደሌለው ረጅም የእንጨት ሳጥን ስትገባ፣ ምንታምር ከጎኗ ሆና በለሆሳስ ታባብላት ነበር። የኖረችበት ቆላ ሊታረስ ነው። መንጋዋ ቀደም ብሎ ወደ አዲሱ ጥብቅ ስፍራ ተወስዷል፤ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

መኪናው የጠጠሩን መንገድ ሲይዝ ምንታምር ከሾፌሩ ክፍል ጀርባ፣ ከሳጥኑ ፊት ባለችው ጠባብ መቆሚያ ላይ ቆመች። የቀጭኔዋ አንገት ከሳጥኑ በላይ ወጥቶ ከመንገዱ ጋር ይወዛወዛል። ትኩስ ትንፋሿ በተላመጠ የግራር ቅጠል ሽታ ታጅቦ ይመጣል፤ ከጠዋት ጀምሮ የተከተሏት ዝንቦች በጨርቁ ዙሪያ ይጮኻሉ። ከፊት የዝውውሩ ኃላፊ የአቶ ልሳነወርቅ ፒክአፕ አቧራ እያስነሣ ይሄዳል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከሳጥኑ ወለል የሚንጠባጠበው ሽንት የወፍራም ሻይ መልክ ያዘ። ምንታምር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ በድንጋጤና በትግል የተጎዳው የእንስሳዋ ጡንቻ እየሟሟ ነው። የሾፌሩን ክፍል ደብድባ መኪናውን አስቆመች። አቶ ልሳነወርቅ ወርዶ ሲመጣ፣ ጥላ ፈልገው እንዲያቆሙ፣ በደም ሥሯ ፈሳሽ እንድትሰጣት፣ ፀሐዩ እስኪበርድ እንዲያሳርፏት ለመነችው። እሱ ግን ዐይኑን ከስልኩ አላነሣም። ለአቀባበሉ የተጠሩት እንግዶች በአዲሱ ጥብቅ ስፍራ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው እየጠበቁ መሆናቸውን ነገራት።

«ካላረፈች ትሞታለች» አለችው።

«ብቻ ትድረስ። ከደረሰች በኋላ ብትሞት የተፈጥሮ ጉዳይ ነው።»

ወደ መቆሚያዋ ተመለሰች። በእጇ የነበረውን ማረጋጊያ መርፌ ቀጭኔዋን ወጋቻት፣ ጀርባዋ ላይ ውሃ አፈሰሰችላት። ሌላ የምታደርገው ሲጠፋት ጥጡን ከአንዱ ጆሮ ሳብ አድርጋ አፏን አስጠጋች። «እባክሽ፣ መንገድ ላይ አትሙቺብኝ» አለቻት።

ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት አንገቱ ላላ። ጭንቅላቷ በሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተዘርግቶ ወደቀ፤ ጥቁሯ ምላስ ወጣች። ምንታምር እጇን በጨርቁ ሥር ወዳለው ጨለማ አስገብታ አፍንጫዋን ዳበሰች። ትንፋሽ የለም። በአንገቷ ሥር ደም የሚመታበትን ቦታ ፈልጋ ረጅም ጊዜ ያዘች፤ በጣቶቿ ሥር የተሰማት የመኪናው ንዝረት ብቻ ነበር። ሾፌሩን ልትጠራ እጇን ስታነሣ ጭንቅላቱ ተነሣ።

ሰው በገመድ የሚስበው ይመስል በዝግታ ተነሣ፣ ቀጥ አለ፣ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ በኋላ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ እንኳ አልተወዛወዘም። ዝንቦቹ ባንድ ጊዜ ጥለዋት ሄዱ። ከአንገቱ ውስጥ፣ ነፋስ ባዶ እንስራ አፍ ላይ ሲያልፍ የሚወጣው ዓይነት ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ፤ የግራሩ ሽታ ጠፍቶ በምትኩ ገና የተቆፈረ እርጥብ አፈር ሸተተ፤ በዚያ ደረቅ ቆላ ዝናብ ከቆመ ወራት አልፏል።

ዳገቱን እንደጨረሱ ሾፌሩ ጋሽ ባልቻ ማንም ሳያዘው ዳር ይዞ ቆመ። ወርዶ ጎማዎቹን ዞረ፣ ቀና ብሎም ሳጥኑን ጥቂት አየ።

«ዶክተር፣ ጭነታችን ቀለለ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዳገቱን ባዶ መኪና እንደምነዳ ነው የወጣሁት።»

ከፊት የፒክአፑ ጥሩንባ ጮኸ። ጋሽ ባልቻ አማትቦ ወደ መሪው ተመለሰ።

ሲደርሱ እንግዶቹ ከድንኳኑ ወጥተው ተሰለፉ። ምንታምር በሳጥኑ ጎን ባለው መስኮት እጇን አስገብታ የልብ ማዳመጫውን ቀጭኔዋ ደረት ላይ አኖረች። ምንም የለም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ቆዳ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

«እንዴት ናት?» አለ አቶ ልሳነወርቅ፣ እንግዶቹ እንዲሰሙ ጮክ ብሎ።

ሁሉም ሐኪሟን ያያሉ።

«ደርሳለች» አለች ምንታምር።

ጨርቁን ስትገፈው የመንገዱ አቧራ በቀጭኔዋ ዐይን ብሌን ላይ እንደ ስስ ዱቄት ተነጥፎ ነበር። ዐይኑ አልተርገበገበም። የሳጥኑ በር ተከፈተ፤ ቀጭኔዋ ረጃጅም እግሮቿን እያነሣች ወጣች፣ በጭብጨባው መካከል አለፈች፣ ወደ ሜዳው ገባች።

በማግስቱ ምንታምር ለአቶ ልሳነወርቅ እውነቱን ነገረችው። ሳቀባት። በእግሩ የሚሄድ እንስሳ ሞተ አይባልም አላት፤ ድካም ነው ብሎም የዕረፍት ፈቃድ ሰጣት። ዝውውሩ አንድም እንስሳ ሳይሞት መጠናቀቁ በሬዲዮ ተነገረ።

ዕረፍቷን ትታ ወደ ሜዳው ተመላለሰች። ቀጭኔዋ ሁልጊዜ በአንድ ግራር ሥር፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ቆማ ታገኛታለች። አትበላም፣ አትጠጣም፣ አትተኛም። ጥበቃዎቹ ግን እንደሷ የሰከነች አላየንም እያሉ ያመሰግኗታል። መንጋው መጀመሪያ ሰሞን ከእሷ ሸሽቶ በሜዳው ሌላ ጫፍ ይውል ነበር፤ ቆይቶ አንድ ሁለቱ መጠጋት ጀመሩ።

ምንታምር ክረምቱ ከወጣ በኋላ ስትሄድ የግራሩ ቅጠል ማንም ሳይነካው ለምልሞ እስከ ታች ወርዶ ነበር፤ መንጋው በሙሉ በቀጭኔዋ ዙሪያ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንዱም አያላምጥም፣ ዐይኑም አይርገበገብም፤ በመካከላቸው አንዲት ግልገል ብቻ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየሮጠች ጡት ትፈልግ ነበር።