ብልቃጡ የሌለበት ሣጥን

ዶክተር ኤቢሳ ከላቦራቶሪው ጀርባ ባለችው ጠባብ፣ መስኮት አልባ ክፍል፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። ቁስል የለበትም፣ የመርፌ ምልክትም የለም። በራስጌው ወለሉ ላይ የቆመው ሻማ እኩሌታው እንኳ ሳይነድ ጠፍቷል። አምቦ ላይ ወሬ ከዝናብ ይቀድማልና ኢንስፔክተር ምኞት ስትደርስ የሟቹ ዘመዶች ግቢውን ሞልተው «ገዳይዋን አውጡልን!» ይሉ ነበር።

ገዳይ የተባለችው የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ሃዊ ናት። ወደ ጣቢያ የሚወስዳት መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ በር ላይ ቆሟል። ከሳሿ ደግሞ ኤቢሳን ከሕፃንነቱ ያሳደጉት አክስቱ አዴ ሲንቄ ናቸው፤ ጉንፋን ጣለው ሲባሉ ሊያስታምሙት ከደጋዋ ጎጆ ከተማ የወረዱ።

«ኢልመ ኮ! ልጄን የድመት መርዝ ወጋችብኝ! ማሕፀንሽ ይድረቅ!» ሲሉ ሃዊ አንገቷን ደፋች።

ምኞት መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ምስክር ስትጠይቅ ክፍሉን ትዞረዋለች፤ ተጠያቂውም አንገቱን እያዞረ ይደክማል።

«የድመት መርዝ የሚሉት ምንድን ነው?» አለቻት ሃዊን።

«መርዝ አይደለም ኢንስፔክተር። ድመት ስትታመም ሰውነቷ የሚያመነጨው የብግነት ፕሮቲን ነው። ይሄኛው ግን ላቦራቶሪ ውስጥ በባክቴሪያ የተመረተ ነው። የታመሙ ድመቶችን ደም ስንመረምር ማነጻጸሪያ ይሆነናል። ብልቃጥ ውስጥ ያለ ቅንጣት ዱቄት ሰው አይገድልም።»

«ታዲያ የት አለ?»

«ጠፋ። ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ በደረቅ በረዶ ታሽጎ መጣ። መብራት ከትናንት ጀምሮ ስለሌለ ፍሪዘር ውስጥ አላስገባነውም፤ ከነሣጥኑ ላቦራቶሪው ውስጥ ተውነው። ኤቢሳ እያመመውም ‹ትቼው ቤት አልሄድም› ብሎ እዚሁ ተኛ። አሁን ሣጥኑ እሱ ክፍል ውስጥ ባዶውን ተገኘ።»

ቀጥሎ ዶክተር ወንድወሰንን ቢሮው ሄዳ አገኘችው፤ የጥናቱ መሪነት ለኤቢሳ ከተሰጠ ወዲህ ያኮረፈ ባልደረባ። የቀኝ ጣቶቹን በፋሻ ጠቅልሏል።

«እጅዎን ምን ነካው?»

«ሻይ አቃጠለኝ። ከምሳ በኋላ እዚሁ ቢሮዬ አፍልቼ።»

ምኞት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያውን አየት አድርጋ አለፈች።

«ሃዊና ኤቢሳ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ብልቃጡን የሰወረችው እሷ ናት» አለ ሳይጠየቅ። «የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ!»

ኮሪደሩ ላይ፣ ከሟቹ ክፍል በር ሥር፣ የተጠቀለለ ጋቢ ወድቋል።

«የእርስዎ ነው፣ አዴ ሲንቄ?»

«የኔ ነው ልጄ። እኛ ጎጆ የታመመ ሰው ያለበት በር ሥሩ ሳይደፈን አይተውም፤ ውርጩ መች ይምራል! ዶክተር ወንድወሰንም ደግ ሰው ነው፤ ከልጄ ክፍል ሲወጣ ‹ብርድ እንዳይመታው አጥብቀው ይድፈኑት› አለኝ።»

ምኞት ያን ጊዜ መዞሯን አቆመች። ፖሊሶቹን ወደ ወንድወሰን ቢሮ ልካ ሁሉንም ላቦራቶሪው ውስጥ ሰበሰበች።

«ሻማው አልቆ አልጠፋም፤ በሩ ተደፍኗልና ነፋስም አላጠፋውም» አለች፣ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተመላለሰች። «አየር አጥቶ ነው የጠፋው። ኤቢሳም ያጣው አየር ነው። ደረቅ በረዶ ውሃ አይሆንም፤ ጋዝ ይሆናል። የአምቦ ውሃ ውስጥ የሚፈላው ጋዝ ነው፤ ከጠርሙስ ሲጠጡት ያስገሳል፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲታፈን ይገድላል።»

«ብልቃጡ እንዳይበላሽ ብላ ሃዊ አስገብታው ይሆናላ!» አለ ወንድወሰን።

«ብልቃጡን ለማዳን ያስገባው ሰው ብልቃጡን ውስጡ ይተወው ነበር። ይሄ ሣጥን ግን ብልቃጡ ከውስጡ ከወጣ በኋላ ነው የተገለበጠው። ያስገባው ሰው የፈለገው ጋዙን ነው። ፕሮቲኑ ደግሞ ነገ ጥናቱን ለብቻው ሲመራ ያስፈልገዋል።» ፊቱ ቆመች። «መብራት በሌለበት ሻይ በምን አፈሉ ዶክተር? ደረቅ በረዶ በባዶ እጅ ሲነካም ያቃጥላል።»

አንዱ ፖሊስ ክዳኑ የላላ ፔርሙዝ ይዞ ገባ። ውስጡ እየጨሰ ካለው የበረዶ ስባሪ መካከል ብልቃጡ ማኅተሙ ሳይነካ ተቀምጧል። ለሃዊ የቆመው መኪና ወንድወሰንን ይዞ ሄደ።

አዴ ሲንቄ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። እጃቸውን አገላብጠው አዩት።

«በሩን የደፈንኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ባልደፍነው ኖሮ ልጄ ይተርፍ ነበር?»

ጋዙ ከባድ ነው፤ በበሩ ሥር ክፍተት ቢያገኝ ወደ ኮሪደሩ ይፈስ ነበር። ይህን ምኞትም ታውቃለች፣ ሃዊም ታውቃለች።

ሃዊ ሄዳ ከእግራቸው ሥር ተንበረከከችና ሁለቱንም እጃቸውን ያዘች።

«አይተርፍም ነበር፣ እማ» አለቻቸው።