አንቴናው ሚስማር ላይ ነበር

ጋኔን፣ ዛር፣ የቀትር ምናምን የሚባል ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ዛሬም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም፣ ይህን ግን በዓይኔ ስላየሁት መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉ።

በጃንሆይ ጊዜ አሰበ ተፈሪ፣ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። ዛሬ ስልክ በኪሱ የያዘ ሁሉ ያንን ዕቃ ቢያይ ያላግጥበት ይሆናል፣ ያላግጥ፣ እኔን እንደሆነ እስካሁን ይናፍቀኛል፣ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ያለው ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያው፣ መርፌው ተንቀጥቅጦ ሲቆም፣ ሬዲዮው ውስጥ የጋለ የመስታወት ቫልቭ ሽታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺ የመሞከሪያ አምፖል። የተጠገነ ሬዲዮ ሲሞከር አንቴናው ይነቀልና በእሱ ቦታ አምፖሏ ትሰካለች፣ ድምፅህ አየር ላይ መውጣቱ ቀርቶ እሷ ላይ ብርሃን ሆኖ ያልቃል፣ ከክፍሉ በር አያልፍም። ስትናገር ትደምቃለች፣ ዝም ስትል ትፈዛለች። ሹፌሩ አብዲ አንዴ ማይኩን ነጥቆኝ ሲስቅባት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ብልጭ አለችና፣ «አቦ፣ ይቺማ ሰው ናት!» ብሎ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። የሂርና ልጅ ነው፣ እንደ ወንድም ነበርን።

ሥራዬ የሰው ነፍስ ያለበት ነበር። ደጋው ላይ ዝናብ ከጣለ አሰቦት ቆላ ያለው ደረቅ ወንዝ በድንገት ይሞላል፣ እዚያ የደረሰ ሹፌር ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያየው አያውቅም፣ ስለዚህ ደጋውን ከካምፑ የማየው እኔ በመኪናው ሬዲዮ «ተሻገር» ካላልኩት ንቅንቅ አይልም።

የዚያን ቀን ቀትር ላይ ደጋው ጠቁሮ ዝናቡን አወረደው፣ የእኔ ሬዲዮ ደግሞ ተበላሽቶ ጠረጴዛ ላይ ተበትኗል፣ አብዲና ታናሽ ወንድሙ ዩሱፍ ወንዙ ዳር ቆመው ቃሌን ይጠብቃሉ። ካልሰማኝ እንደማይሻገር ባውቅም ልቤ አላረፈም። እንደምንም ጠግኜ፣ አምፖሏን ሰክቼ፣ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» አልኩ፣ ደመቀች። የማይኩን ቁልፍ ለቀቅኩ፣ ጠፋች። ማይኩን አስቀምጬ የአንቴናውን ሽቦ ከተሰቀለበት ሚስማር ላወርድ ስል፣ ጥላዬ ግድግዳው ላይ ወጣ።

ዞር ስል አምፖሏ በርታለች። እመኑኝ፣ ማይኩን የነካው የለም፣ ክፍሉ ውስጥም ከእኔ ሌላ ሰው የለም፣ እሷ ግን ትደምቃለች፣ ትፈዛለች፣ ደግሞ ትደምቃለች፣ ልክ ሰው ሲያወራ እንደምትሆነው፣ ያውም ረጋ ብሎ፣ እያባበለ። ድምፅ የሚባል ነገር የለም። መጨረሻ ላይ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ብልጭ ብላ ድርግም አለች። ሶኬቷ ላልቶ ይሆናል ብዬ አጠበቅኳት፣ ከዚያ ነቅዬ አንቴናውን መለስኩና «አብዲ፣ ቁም! ውሃ መጥቷል!» ብዬ ደጋግሜ ጮህኩ። የመለሰልኝ የለም።

አመሻሹ ላይ አብዲ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ብቻውን መጣ። እሱ ዛፍ ይዞ ተርፏል፣ ዩሱፍን ውሃው ወስዶታል።

«ተሻገር አልከኝ!» ብሎ አንገቴን አነቀኝ። «በስሜ ጠርተህ! ‹አብዲ፣ ደጋው ደረቅ ነው፣ አትፍራ፣ ተሻገር› አልከኝ! ወላሂ ያንተ ድምፅ ነው!»

«አንቴናው ሚስማር ላይ ነበር! ከዚህ ክፍል የወጣ ድምፅ የለም!»

«በስሜ የጠራኝስ ማን ነው ታዲያ?»

ሬዲዮ የሚያውቁት አለቆች አመኑኝ፣ ካምፑ ግን ፊቱን አዞረብኝ፣ ሹፌሮቹ እኔ ስቀመጥ ይነሳሉ፣ ሰላም ስል ዝም ይሉኛል። እኔም እልህ ያዘኝ፣ ባላደረግኩት ነገር ማንን ልለምን! ሰላምታዬን ነሳኋቸውና ተናንቀን ኖርን።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሂርና፣ ጫት ተራው ፊት ለፊት፣ ከአብዲ ጋር ተገጣጠምን። ሸብቷል። ገላምጦኝ ያልፋል ብዬ ስጠብቅ ቆመ።

«ሰው ይሳሳታል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተሻገር ማለትህን ለአላህ ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ስትጨርስ ለምን ሳቅክ?»

ስለ አንቴናው ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣ የታየኝ ግን ያቺ አምፖል ናት፣ መጨረሻ ላይ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ብልጭ ስትል፣ እኔም ላልታለች ብዬ ሳጠብቃት። አብዲ እግሬ ሥር ምራቁን ተፍቶ ሄደ።