ፈረሰኛ የሌላቸው ሳንቲሞች

የሳንቲም ማኅተም ቀራጩ ሶሲንቢዩር በሳንቲም መምቻው ቤት አናቱ ተፈርክሶ የተገኘው ከቀትር በኋላ ነው። ከተማውን የያዘው የሮማ ጦር መቶ አለቃ ጊዜ አላባከነም፤ መዶሻ መቺውን ሌቶንዶን አሳስሮ፣ «ጀምበር ሳትጠልቅ ይሰቀላል» አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ቀትር ላይ መዶሻ ሲያስተጋባ ሰምቷላ!

የከተማው ዳኛ ሽማግሌው ቱራዮስ ግን ራሱ ሊመረምር ተነሳ። በወጣትነቱ ማኅተም ቀራጭ ነበር፤ ሟቹን ያስተማረውም እሱ ነው። ከሟቹ ሌላ የመምቻው ቤት ቁልፍ ያላቸው ሦስት ብቻ ናቸው፦ ሌቶንዶ፣ ነሐስ አቅላጩ አምባቶስና የከተማው ሹም ቢዩርቲባስ።

«ቀትር ላይ የት ነበርክ?» ሲል የታሰረውን ጠየቀ።

«ቤቴ ተኝቼ፣ አባባ» አለ ሌቶንዶ። «ምስክሬ ሚስቴ ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ ማን ይሰማታል?»

አምባቶስም ከሰል ፍለጋ ወንዝ ወርዶ ነበር፤ ብቻውን። ሹሙ አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሏል።

«ጣትህን ምን አገኘው?» አለው ቱራዮስ።

«ትኩስ ዳቦ ነዋ! ገዳዩ ታስሮልዎት የኔን ጣት ይመረምራሉ?»

ቱራዮስ ወደ መምቻው ቤት ገባ። በመጨረሻ የተመቱትን ሳንቲሞች ከቅርጫቱ አንስቶ አገላበጠ። በአንድ ፊታቸው የሰው ራስ ጎልቷል፤ በሌላው፣ ፈረሰኛውና የከተማው ስም መኖር ሲገባቸው፣ ያው ራስ ተሰርጉዶ ይታያል። «ኧረ ጉድ!» አለና ሁሉንም አስጠራ።

«ገዳዩ ሶሲንቢዩርን ከጣለ በኋላ መዶሻ አነሳ፤ ሰው ሰምቶ ሌቶንዶ ነው እንዲል። ግን አንዱ ሳንቲም ከላይኛው ማኅተም ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ፈረሰኛውን ሸፍኖ የሰው ራሱን ምስል በቀሩት ሁሉ ላይ ያተመው እሱ ነው። የሙያ ሰው በየምቱ ማኅተሙን ገልብጦ ያያል። ሌቶንዶም አምባቶስም ሰክረው እንኳ አይረሱትም! የጋለ ነሐስም በጉጠት እንጂ በጣት አይነሳም። ቢዩርቲባስ፣ ጨርቁን ፍታው!»

ሹሙ ፈታው። ጣቱ ተልጧል።

«በኛ ፊደል የተጻፈውን የከተማውን ስም ፍቀህ በሮማ ፊደል ቅረጽ ብዬ ለመንኩት፣ እምቢ አለ! ሮማውያን ከተማችንን ያቃጥሏት ነው የምትሉት?»

መቶ አለቃው አዛጋ። «ሹሙ ያስፈልገኛል። የሚሰቀል ሰውም ያስፈልገኛል፤ ሌቶንዶ ይበቃል። ካልሆነ ግን፣ አንተ ሽማግሌ፣ መቅረጽ ታውቃለህ አሉ። የኛን ፊደል ቅረጽና ሰውየውን ውሰድ።»

የሌቶንዶ ሚስት ስቴና፣ በቱራዮስ እግር ላይ ወደቀች።

«ይተዉት፣ አባባ» አለ ሌቶንዶ።

ቱራዮስ ጎንበስ ብሎ መቅረጫውን ከሟቹ ተማሪው የደረቀ እጅ አላቀቀ። ዕንባው እየወረደ፣

«ፊደሉን አሳዩኝ» አለ።