ሠርካለም ማን?

«ባሪያውን ነፃ ያወጣችው ሴት ከሆነችስ?» አለ የሶሻል መምህሩ የሺዋስ። ሮምን ሲያስተምር ከዳባት ወዲያ ያለች ቀበሌ ያስመስላታል። «ማን ይነግረኛል?»

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ዓይን ገና አሁን የታደለው የፈተና መመዝገቢያ ፎርም ላይ ነበር።

«ነፃ ወጣ ማለት ተለያዩ ማለት አይደለም። ያከብራታል፤ የተወሰነ ቀን ይሠራላታል። ስምም ይሰጠዋል። ግን የእሷን አይደለም፣ የአባቷን! አይቶት የማያውቀውን ሰውዬ ስም ተሸክሞ ይኖራል።»

«ቲቸር፣ ሠርኬ ሮማዊት ናት በለኛ!» አለ ፀጋው ከኋላ ወንበር። «የምትጠራበት ሀብተ ሚካኤል የአሳዳጊዋ የእትዬ አመተ ማርያም አባት እኮ ናቸው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሠርካለምም አብራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከሁሉም ቀድሞ አለቀ።

«በሉ ፎርሙን በጥንቃቄ ሙሉ» አለ መምህሩ። «ሰርተፍኬት ላይ የገባ ስም በኋላ ማስቀየር መከራ ነው። ስም የሚያስተካክል ካለ አሳዳጊው ይፈርምለት።»

ሠርካለምን አባቷ ከገጠር፣ ከአምቢኮ ይዟት ወደ ደባርቅ ሲመጣ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሞታለች። ፔንሲዮን ያላቸው እትዬ አመተ ማርያም ተቀብለው ትምህርት ቤት አስመዘገቧት። መዝጋቢው «ሠርካለም ማን?» ሲል ቀና እንኳ ሳይሉ «ሀብተ ሚካኤል» አሉ፤ የራሳቸውን አባት። ሠርካለም በዚያ ቀን እናት ያገኘች መሰላት። በሦስተኛው ቀን እንግዶች ፊት «እማዬ» ብላ ጠራቻቸው።

እትዬ የአልጋውን አንሶላ ጫፍ እያስተካከሉ፣ በለሆሳስ «እትዬ በይኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ።

መትተዋት አያውቁም። ዩኒፎርም ገዝተውላታል፤ ስትታመም አጠገቧ አድረዋል። እንግዳ «ማን ናት?» ሲል «ልጄ ናት» ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ «ልጄ፣ ለሰባት ቁጥር ፎጣ አድርሺ» ይላሉ። ቅዳሜና ሰኞ የአሥራ አንድ ክፍል አንሶላ የምታጥበው እሷ ናት። ባለፈው ጥቅምት አባቷ ሲሞት ፔንሲዮኑ በቱሪስት ሞልቶ ነበር። መርዶውን የነገሯት እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው። እቅፍ አድርገዋት አለቀሱ፤ እውነተኛ ልቅሶ።

ከሰዓት በኋላ እትዬን እንግዳ መቀበያው ጋ አገኘቻቸው።

«እትዬ፣ ይፈርሙልኝ።»

«ለፈተናው ነው? ጎሽ የኔ አንበሳ!» መነጽራቸውን አደረጉ፤ እስክሪብቶ አነሱ። እጃቸው «የአባት ስም» የሚለው ቦታ ላይ ቆመ።

«ላቀው ማነው?»

ሠርካለም እስኪያስታውሱ ጠበቀች። ስሙን ረስተውት ይሆናል እንጂ ሰውየውንማ ያውቁታል፤ በየፋሲካው ከአምቢኮ ድረስ በግ እየጎተተ ይመጣላቸው ነበር። ጠበቀች። እትዬ ፎርሙን ገልብጠው ጀርባውን አዩት።

«አባቴ ነው» አለች።

እትዬ ፊታቸው ቀላ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ምን አጠፋሁ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ምን አጎደልኩብሽ ሠርኬ?»

የሠርካለም እንባ ቀደመ። ሄዳ ልታቅፋቸው ፈለገች፤ ካቀፈቻቸው ግን ፎርሙን ራሷ እንደምትቀደው ታውቃለች።

«ምንም አላጎደሉብኝም፣ እትዬ» አለች።

እስክሪብቶውን አንስታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው፤ እስኪቀበሏትም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።