ሊፍቱ ውስጥ ፊታቸውን ያዞሩት ሽማግሌ

ውሸት ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። ግን ይህ ነገር የደረሰው በታላቅ ወንድሜ ላይ ነው... እሱ ደግሞ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሰው የሚተራመስበት የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ነው።

ወንድሜ የሊፍት ጠጋኝ ነው። ሊፍት በድንገት ሲቆም ውስጥ የታሰረውን ሰው እያረጋጋ ያወጣል። ጓደኞቹ «በረዶ» ይሉታል። እናታችንማ «ይሄ ልጅ ቤት ቢቃጠል የጫማውን ክር አስሮ ነው የሚወጣው» ትላለች። ለሥራው የተፈጠረ ነው።

የዚያን ቀን ሊፍቱ አምስተኛውና ስድስተኛው ፎቅ መሃል ቀጥ ብሏል። ወንድሜ ስድስተኛው ላይ ወጥቶ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። የሕንፃው ጥበቃ አጠገቡ ቆሟል።

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት...» አለች አንዲት ሴት። ድምጿ ይርገበገባል። «እኔና አንድ ሽማግሌ።»

«አይዞሽ እህቴ፣ አሁን አወጣችኋለሁ። እሳቸው ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው... ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል።»

ብዙም አልገረመው። ሰው ሲጨንቀው የማያደርገው የለም። የበሩን መክፈቻ ከቦርሳው እያወጣ «ዓይንሽን ጨፍኚና በረጅሙ ተንፍሺ» አላት።

በሩን በጣቱ አንኳኳ።

«ሰማሽኝ?»

«ሰምቼሃለሁ... ግን እሳቸው ቀድመውህ አሉኝ።»

«ምን አሉሽ?»

«ልክ ያልከውን። ቃል በቃል... ከአንተ በፊት።»

ወንድሜ ሆን ብሎ ከነገሩ ጋር የማይገናኝ ጥያቄ ፈለገ።

«ልጆች አሉሽ?»

ሴትየዋ ማልቀስ ጀመረች። «ይሄንንም ብለውታል...»

ጥበቃው ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«አሁንስ?» አለ ወንድሜ በሹክሹክታ። «አሁን ምን እያሉ ነው?»

ሴትየዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«‹በሩን አልከፍተውም፣ እዚያው ሁኚ› እያሉ ነው።»

ወንድሜ እዚህ ጋ ሲደርስ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ነው የነገረኝ። ለምን መሰላችሁ? ያ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። እሱ አላሰበውም። ግን ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር...

ጥርሱን ነከሰ። ያ በረዶ የሚሉት ሰው መክፈቻው እየወደቀበት፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በሩን ፈልቅቆ ከፈተው። በደረቱ ተኝቶ እጆቹን ወደ ታች ሰደደ። ያገኘውን ክንድ ይዞ ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተ።

ሴትየዋ ወጥታ ወለሉ ላይ ተዘረረች።

«ሽማግሌውስ?» አለ ጥበቃው ከሩቅ።

«እዚያው ናቸው...» አለች ፊቷን ሸፍና። «አሁንም አልዞሩም።»

ወንድሜ የእጅ ባትሪውን አብርቶ ወደ ታች አየ።

ሊፍቱ ባዶ ነው።

ብቻ የብረቱ ግድግዳ ላይ፣ ልክ በሰው ፊት ቁመት፣ የትንፋሽ ጉም አለ። ጠፋ። ደግሞ መጣ።

ጠፋ... ደግሞ መጣ።

ቀስ ብሎ፣ በጣም ተረጋግቶ... በመጣ ቁጥር ግን ከፊተኛው ትንሽ ከፍ እያለ፣ ወደተከፈተው በር...